በጓዳ የቀረው ልጅና የወላጆቹ አደራ

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን የመፃጉዕን ነገር ታስተምረናለች። 38 ዓመት ሙሉ በደዌ ተይዞ የኖረው ያ ሰው፥ ጌታችን ስለ መዳኑ በጠየቀው ጊዜ፥ የሕመሙን ጽናት አልዘረዘረም። ውሃው በታወከ ሰዓት ደግፎ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን፥ እርሱ እየተንፏቀቀ ሳለም ሌላው ቀድሞት የሚገባ መሆኑን ነበር የተናገረው። መጠመቂያው ቅርብ ነበር፤ ፈውሱም በዐይኑ ፊት ነበር፤ የጎደለው ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ወንጌል በየዓመቱ የምንሰማ ቤተ ሰቦች ከቅዳሴ ወጥተን ወደየቤታችን ስንመለስ አንድ ነገር ልናስብ ይገባናል። የትምህርት ቤት ደወል በተደወለ ቁጥር እኩዮቹ ሲሮጡ እርሱ ከደጃፍ የሚቀር ልጅ በየሰፈራችን አለ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ በሩም ክፍት ነው። ነገር ግን ዐይኑ የማያይ፥ ጆሮው የማይሰማ፥ እግሩ የማይጸና ወይም አእምሮው ቀስ ብሎ የሚረዳ በመሆኑ ደግፎ የሚያስገባው ሰው አጥቷል። ያ ሰው ማን ሊሆን እንደሚገባው፥ በምን መንገድም ልጁን ሊያስገባው እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በጨለለቅቱ ያለች አንዲት እናት

ነገሩ እንዲገለጥልን ወደ ደቡብ እንሂድ። ጨለለቅቱ በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ወደ ኮቸሬ ይደርሳል። አገሩ ኮረብታማ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ሕዝቡም እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖር ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከእንሰቱ ጎን ለጎን ይበቅላል። አባቶች ለልጆች ሲያወርሱት የኖሩት ይህ የእርሻ ጥበብ በዓለም ፊት ተመስክሮለት፥ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ አገር ትልቁ ዛፍ ለትንሹ ተክል ጥላ ይሆነዋል፤ ትንሹም በጥላው ሥር ሆኖ ፍሬ ያፈራል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ አንዲት እናት እንዳለች እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ እርስዋን የመሰሉ እናቶች በጎንደርም፥ በሐረርም፥ በአዲስ አበባም አሉና። ልጅዋ 9 ዓመት ሆኖታል። ዘግይቶ ቆመ፤ ዘግይቶም ተናገረ፤ አሁን ጥቂት ቃላት ያውቃል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ከእናቱ ጋር ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል። ይህን ያወቀው እናቱ መቶ ጊዜ እያሳየችው ነው። ሌላው ልጅ በሦስት ቀን የሚይዘውን እርሱ አንድ ወር ፈጀበት፤ ነገር ግን ከያዘው በኋላ አልረሳውም።

በነሐሴ ወር መጨረሻ እናቱ ልጁን አጥባና አልብሳ ለምዝገባ ወሰደችው። መምህሩ ስሙን ጠየቁት፤ ዝም አለ። ፊደል አሳዩት፤ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በክፍላቸው የሚጠብቋቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ እንዴት እንደሚያስተምሩትም ማንም አላሳያቸውም። «እናቴ፥ እኛ ዘንድ ለእርሱ የሚሆን አስተማሪ የለም፤ ሲሻለው ያምጡት» አሏት። እናቲቱም ልጅዋን ይዛ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

«ሲሻለው» የተባለው ቀን ግን የሚመጣ አይደለም፤ የልጁ ነገር ጠዋት ይዞ ማታ የሚለቅ በሽታ አይደለምና። ልጁ 10 ዓመት ይሆነዋል፤ 11 ይሆነዋል፤ 12 ይሆነዋል፤ የመማሪያው ዘመን እንደ ክረምት ጎርፍ አልፎ ይሄዳል። እናቱም ትሸመግላለች። እርስዋ ያረፈች ዕለት ይህ ልጅ ራሱን መጠበቅ፥ ገንዘብ መለየት፥ ስሙን መጻፍ፥ ሥራ ሠርቶ መብላት ሳይችል በማን እጅ ይወድቃል? የእነዚህ ወላጆች የሌሊት ሐሳብ ይህ ነው፤ ለዘመድም ለጎረቤትም ደፍረው የማይነግሩት ሐሳብ።

ስለ ምን ይሸሸጋሉ?

ብዙ ወላጆች አንድ ጊዜ ከተመለሱ በኋላ ሁለተኛ ወደ ትምህርት ቤቱ አይሄዱም። አንዳንዶቹም ከኀፍረት የተነሣ እንግዳ በመጣ ጊዜ ልጁን ወደ ጓዳ ያስገባሉ። ጎረቤት «የአባቱ ኀጢአት ነው፤ የእናቱ እርግማን ነው» ይላልና። ይህ አነጋገር የክርስቲያን አነጋገር አይደለም። ዐይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ይህን የመሰለ ጥያቄ ለጌታችን አቅርበው ነበር። እርሱም ጥፋቱን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም፤ የአምላክ ሥራ የሚገለጥበት ሰው መሆኑን አስተማራቸው እንጂ። ጌታ ያልፈረደውን ፍርድ ጎረቤት ሊፈርድ አይገባውም፤ ወላጅም ያን ፍርድ ተቀብሎ ልጁን ሊያስር አይገባውም።

የመሸሸግ ጉዳት ከቤት አልፎ አገር ላይ ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ አካል ጉዳት አለባቸው ተብለው የተመዘገቡት ከመቶ ሰው 1 ያህል ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ባወጡት ዘገባ ግን በዓለም ላይ ከመቶ ሰው 15 ያህሉ አንድ ዓይነት ጉዳት እንዳለበት ገምተዋል። ዩኒሴፍም በ2021 ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ብቻ ወደ 240 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ በከፊል ከአጠያየቁ የመጣ ነው። «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ አባወራ «የለም» ይላል፤ «ማየት፥ መስማት፥ መራመድ፥ ነገር ማስታወስ የሚያስቸግረው ሰው አለ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ግን አስቦ ይመልሳል። የቀረው ልዩነት የጓዳው በር ነው። ቆጣሪው ያላየው ልጅ በመዝገብ አይገባም፤ በመዝገብ ያልገባ ልጅ በዕቅድ አይገባም፤ በዕቅድ ያልገባም ልጅ አስተማሪ፥ መጽሐፍና በጀት አይመደብለትም። ስለዚህ ልጁን ከጓዳ ማውጣት የመጀመሪያው አቤቱታ ነው።

ከአባቶቻችን የወረስነው

ለልጁ የሚሆነውን አስተማመር መፈለግ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት ብዙውን ጊዜ በቃል የሚሰጥ በመሆኑ፥ ዐይነ ስውሩ ተማሪ ከሚያዩት ጋር እኩል በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ዜማውንና ቅኔውን ሲማር ኖሯል። ጓደኞቹ በመንገድ እጁን ይዘው ይመሩታል፤ እርሱም በቃሉ ያጠናውን መልሶ ያስቀጽላቸዋል። ከእነዚህም ዐይነ ስውራን መካከል ጉባኤ ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ያፈሩ የተመሰገኑ መምህራን ወጥተዋል። ማንም አባት «ሲያይ ያምጡት» ብሎ አልመለሳቸውም። ከዚህ የምንረዳው፥ ትምህርቱ ለተማሪው በሚመች መንገድ ሲሰጥ ጉዳቱ ከትምህርት የሚያግደው አለመሆኑን ነው። በቃል የሚሰጠው ትምህርት ለዐይነ ስውሩ ክፍት ሲሆን መስማት ለማይችለው ልጅ ግን ዝግ ነበረ፤ ለእርሱ ሌላ መንገድ፥ የእጅ ምልክት ቋንቋ፥ ያስፈልገዋልና።

ልጃቸውን ወደ ጠበል የሚወስዱ ወላጆች መልካም ያደርጋሉ። ነገር ግን ዝናብ እንዲዘንብለት የሚጸልይ ገበሬ ማረሻውን አይሰቅልም። ጠበሉ ሐኪምን አይከለክልም፤ ትምህርትንም አይከለክልም። ልጁ ለሐኪም ይታይ፤ ሞኝ የተባለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ ጆሮው የደከመ ብቻ ሆኖ ይገኛልና። ሰነፍ የተባለችውም ልጅ መነጽር ያጣች ልትሆን ትችላለች። ጸሎቱም፥ ሕክምናውም፥ ትምህርቱም በአንድነት ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን እስኪፈጽም መጠበቅ ዘመኑን ማባከን ነው።

ምጽዋት አይደለም

ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ለልመና የሚሄድ አይምሰለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልዩ ትምህርት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዝዛል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ከሁሉም በላይ አገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች መብቶች የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላዩ ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት እንዲህ ያለው የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡባቸውና የሚገለገሉባቸው እንዲሆኑ አዝዟል።

በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን ቃል ግን አስተውሉት። አቅም የሚመደበው ለተጠየቀው ነገር ነው። ብዙ ጠያቂ ባለበት ወረዳ ያልጠየቀ ሰው ድርሻ ለጠየቀው ይሄዳል። ስለዚህ ሕጉ መኖሩ ብቻ ልጁን አያስተምረውም፤ ሕጉን የሚያስታውስ ወላጅ ያስፈልጋል።

ወላጆች በተነሡ ጊዜ

ይህ በሌላው ዓለምም የሆነ ነገር ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት፥ አእምሮው የአምስት ዓመት ልጅ አእምሮ ያህል አልደረሰም የተባለውን ልጅ ትምህርት ቤቶች እንዳይቀበሉ የሚፈቅድ ሕግ ነበር። በዚያ የነበሩ ወላጆች ማኅበር አቋቁመው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971፥ ክፍለ ግዛቱን በፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ትምህርት ቤቶቹ እነዚህን ልጆች በነጻ ሊያስተምሩ ግዴታ ገቡ። በ1975 ደግሞ ለአሜሪካ ልጆች ሁሉ ይህን የመሰለ መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በ1994 በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተስማሙ።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ በ1950ዎቹ ዓመታት ዐይነ ስውራን የሚማሩበት የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ብዙዎችን ለቁም ነገር አብቅቷል። በሻሸመኔ ካቶሊካውያን ለዐይነ ስውራን፥ በሆሳዕናም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከፍተዋል። በወሎ በሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ የዐይኖቿን ብርሃን ባጣች ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦባት ነበር። እናቷና አያቷ ግን ከተወለደችበት አገር እጅግ ወደ ራቀው ወደ ሻሸመኔው ትምህርት ቤት እንድትሄድ አደረጉ። በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ ለአካል ጉዳተኞች መብት የምትከራከር ሆነች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ያችን ልጅ ወደ መጠመቂያው ያወረዷት ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ሌላዋ እናት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከአሜሪካ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ እርሱን አጽንቶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አጡ። እርሳቸው ግን ልጁን አልሸሸጉም፤ በአደባባይ ይዘውት እየወጡ ስለ ኦቲዝም አስተማሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002ም እርሱንና እርሱን የመሰሉትን የሚቀበል ጆይ የተባለውን ማእከል በአዲስ አበባ ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ብዙ እናቶች ግን የልጃቸውን ነገር በስሙ መጥራት የተማሩት ከእርሳቸው ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ናቸው፤ ሆኖም የጨለለቅቱዋን እናት ጥያቄ አይመልሱላትም። ዲላ ብቻዋን ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጨለለቅቱ ደግሞ ከዚያም ወዲያ ናት። ሻሸመኔና ሆሳዕናም ለእግረኛ ልጅ ሩቅ ናቸው። የ9 ዓመት ልጅ ከእናቱ ዕቅፍ ተለይቶ በአዳሪ ትምህርት ቤት ቢኖር ትምህርቱን ቢያገኝ እናቱን ያጣል። የምንፈልገው በየቀኑ ሄዶ ማታ የሚመለስበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በዚያው በአካባቢው እንዲቀበለው ነው።

የምንጠይቀው ምንድር ነው?

የሚጠይቁትን ሳያውቁ መጠየቅ ከንቱ ነው። ልዩ ድጋፍ ሲባል ሁልጊዜ ትልቅ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ ማለት አይደለም። ዐይኑ ለደከመ ልጅ ከፊት ወንበር መቀመጥና በጉልሕ የተጻፈ ሰሌዳ ትልቅ እርዳታ ነው። ፈጽሞ ለማያየው ግን በነጠብጣብ የሚጻፈውን ብሬል የሚያውቅ አስተማሪና የመጻፊያው መሣሪያ ያስፈልጉታል። ጆሮው ለደከመ ልጅ መምህሩ ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ ቢናገር ይረዳዋል፤ ፈጽሞ ለማይሰማው ግን የምልክት ቋንቋ ያስፈልገዋል። እግሩ ለማይጸና ልጅ፥ በዚያ በዝናብ በሚያዳልጥ ኮረብታ፥ ክፍሉ ከምድር ቤት መሆኑ፥ በደረጃው ፈንታ ዘቅዛቃ መተላለፊያ መሠራቱና መጸዳጃ ቤቱ የሚገባበት መሆኑ ትምህርቱን ያቆይለታል።

አእምሮው ቀስ ብሎ ለሚረዳ ልጅ ደግሞ ሥራው በትንንሹ ተከፋፍሎ፥ በቤቱ በሚሰማው ቋንቋ፥ ጌዴኡፋም ይሁን አማርኛ፥ ደጋግሞ ሊታይለት ይገባል። እናቱ ቡናውን ያስተማረችው እንዲሁ ነበር። መምህሩ ለእርሱ ብቻ የሚሆን የዓመት ዕቅድ ይጽፍለታል። እስከ ጥር ስሙን እንዲጽፍ፥ እስከ ሚያዝያ ብር እንዲለይ፥ እስከ ሰኔ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት መጥቶ እንዲመለስ ይታቀድለታል። ከልጆች ሁሉ ጋር ይዘምራል፥ ይጫወታል፤ ለተለየው ትምህርቱ ግን በቀን ጥቂት ሰዓት በልዩ ክፍል ይቀመጣል። አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ልዩ ክፍል አላቸው። አንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ መስጫ ማእከል ሆኖ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች በመሣሪያና በሠለጠነ መምህር እንዲረዳ ማድረግም በአገራችን የተጀመረ አሠራር ነው። ለአንድ ወረዳ ከሁሉ ይልቅ የሚቀለው መነሻ ይህ ነው።

አቤቱታው እንዴት ይቀርባል?

አንደኛ፥ ብቻችሁን አትሂዱ። አንዲት እናት ብትሄድ «የእርስዋ ልጅ ነገር» ይባላል፤ አሥር ወላጆች ቢሄዱ የወረዳው ጉዳይ ይሆናል። ተመሳሳይ ልጅ ያላቸውን ቤተ ሰቦች በየሰበካው፥ በየጽዋ ማኅበሩ፥ በየዕድሩ ፈልጓቸው። በዚህ ነገር የሃይማኖት ልዩነት አይግባ፤ በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ልጆች ናቸውና የፕሮቴስታንቱም የሙስሊሙም ጎረቤት ልጅ ጉዳይ ከእኛ ጉዳይ ጋር አንድ ነው። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሕዝብ ጉዳይ የሚመክሩበት ሶንጎ የሚባል የአባቶች ሥርዓት አለ፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ቢይዙት ኀፍረቱም ይቀልላል።

ሁለተኛ፥ ልጆቹን ቁጠሩ። ስማቸውን፥ ዕድሜያቸውን፥ የሚቸግራቸውን ነገርና ከትምህርት ቤቱ ያላቸውን ርቀት በአንድ ደብተር ጻፉ። ሹም ልቡ ቢራራ እንኳ ያለ ቁጥር በጀት ሊጠይቅ አይችልም።

ሦስተኛ፥ ጊዜውን ዕወቁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ዕቅዱ የሚሰናዳውም ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ወረዳው ለትምህርት ከሚያገኘው ገንዘብ የሚበዛው በመምህራን ደመወዝ ያልቃል፤ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ያም ቀድሞ ለተጠየቀው ይውላል። አቤቱታ በመስከረም ቢገባ ገንዘቡ ተደልድሎ ይገኛል፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢገባ ግን ለመጪው ዓመት ይደርሳል። እንዲያውም የመፃጉዕ እሑድ የሚውልበት ወራት ነው፤ ማስታወሻ ይሁናችሁ።

አራተኛ፥ በሥርዓት ሂዱ። መጀመሪያ ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረቱ አስረዱ፤ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፤ መልስ ቢታጣ ለዞኑ፥ ከዚያም ለክልሉ ትምህርት ቢሮ አመልክቱ። ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁን፤ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ግልባጩን አስቀሩ። በቃል የተነገረ ነገር ሹም ሲለወጥ አብሮ ይሄዳልና። ለምሳሌ የሚሆን አጻጻፍ እነሆ፤

«ለኮቸሬ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆቻችን ትምህርት ስለ መጠየቅ። እኛ ከዚህ በታች ስማችንና ፊርማችን የሚገኝ ወላጆች፥ በአባሪው ዝርዝር የተጻፉት ልጆቻችን ዕድሜያቸው ለትምህርት ደርሶ ሳለ በቤት ቀርተዋል። ስለዚህ አንደኛ፥ ልጆቹ በመጪው ዓመት እንዲመዘገቡና የሚያስፈልጋቸው ነገር በባለሙያ እንዲታይ፤ ሁለተኛ፥ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ አንድ መምህር እንዲመደብ፥ ወይም ካሉት መምህራን አንዱ ለሥልጠና እንዲላክ፤ ሦስተኛ፥ በአንድ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍልና የመማሪያ መሣሪያ እንዲሰናዳ፤ አራተኛ፥ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጥልን በአክብሮት እንጠይቃለን። በበኩላችንም ልጆቹን በየቀኑ ለማምጣት፥ በጉልበትና በቁሳቁስም ክፍሉን ለማሰናዳት ቃል እንገባለን።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አትተዉት። በደጋፊነት የሚቀርብ ጠያቂ እንደ ባለጋራ አይታይም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ልጆቹን በመንገድ ሊመሩ ይችላሉ፤ ዕድሩ ለወንበርና ለመተላለፊያው ሥራ እንጨት ሊያወጣ ይችላል፤ ሰበካ ጉባኤውም ከአቤቱታው ጋር የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። መምህራን የሚሠለጥኑበት የዲላ ዩኒቨርሲቲም ከአካባቢው ሩቅ አይደለምና ምክርና ሥልጠና መጠየቅ ይቻላል።

ስለ መምህራንም ጥቂት ቃል እንበል። ልጁን የመለሱት መምህር የተጨናነቀ ክፍል፥ ያልሠለጠኑበት ሥራና የሚያግዝ ሰው ማጣት ያስጨነቃቸው ናቸው። በእርሳቸው ላይ መቆጣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቁጣ መምህር አያሠለጥንም። ወላጆች ለልጃቸው ሲጠይቁ ለመምህሩም እገዛ እየጠየቁለት መሆኑን ቢያስረዱት፥ ያ በሩ ላይ የቆመው ሰው ከአቤቱታው ፈራሚዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

መልሱ በአንድ ቀን ላይመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር፥ የተመደበው መምህር ሊዛወር፥ የተሰናዳው ክፍል ለሌላ ሥራ ሊወሰድ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ደብዳቤ በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ጠቅሳችሁ ጻፉ። አባቶቻችን ሽባውን ሰው ተሸክመው ወደ ጌታችን ያመጡትን አራቱን ሰዎች የሚያመሰግኗቸው ስለዚህ ነው፤ በሩ በሰው ብዛት ቢዘጋባቸው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ጣራውን ነድለው አወረዱት።

እንግዲህ ያችን የጨለለቅቱ እናት እንደ ገና እናስባት። የቡናው ለቀማ አልቋል፤ ልጅዋ ከደጃፉ ተቀምጦ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው እየለየ ይጫወታል። ትናንት ጎረቤትዋ ያላት አንድ ነገር አለ፤ ከወንዙ ማዶ አንዲት መስማት የማትችል ልጅ ያላት ሌላ እናት መኖርዋን ነግራታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ የልጅዋን እጅ ያዘች፤ ደብተርም ገዝታለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ስም የልጅዋ ስም ነው። ሁለተኛው ስም ከወንዙ ማዶ ይጠብቃታል።

እናንተም ይህን የምታነቡ ወላጆች፥ የራሳችሁ ልጅ ጤነኛ ቢሆን እንኳ በሰፈራችሁ ያለውን ልጅ አስቡት። ነገ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ከደጃፍ የቀረውን ልጅ እዩና ወላጆቹን ጠይቋቸው። ሰው ያጣው ልጅ ሰው ያገኝ ዘንድ እግዚአብሔር ልባችንን ያነሣሣልን፤ አሜን።